ቁልቁለት ላይ የሚደክም የታምቡር ፍሬን፦ ዲስክ ልግጠም ወይስ ልጠግነው?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ሰላም ጋሼ። 1971 ሞዴል ትንሽ የቤት መኪና አለችኝ። አራቱም ጎማ ታምቡር ፍሬን ነው፤ ሰርቮ (የእግርን ግፊት የሚያግዝ መሣሪያ) የላትም። ዓምና ሞተሯን ከፍ ባለ ቀይሬላታለሁ። ረጅም ቁልቁለት ስወርድ ግማሽ ላይ ስደርስ ፔዳሉ እንደደነደነ አልይዝ ይለኛል። የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። ከአዲስ ሞዴል መኪና የተፈታ የፊት ዲስክና ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) አግኝቻለሁ። ገጥሜው ብገላገል ምን ይሉኛል?»

ወንድሜ፣ ዲስኩን ግጠም። ግን መፍቻ ከማንሳትህ በፊት አሁን ያለውን ታምቡር ወደ ጤናው መልሰው። ይህን የምልህ አዲስ ነገር ጠልቼ አይደለም። በደከመ ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ዋና ሲሊንደር)፣ በደረቀ ቱቦና ባረጀ ዘይት ላይ የተገጠመ ዲስክ ስንቴ ተመልሶ ሲመጣ ስላየሁ ነው።

«እንደደነደነ አልይዝ ይለኛል» ያልከው ብዙ ሥራ ቀነሰልኝ። ሰው ብዙውን ጊዜ «ፍሬኔ ደከመ» ብሎ ዝም ይላል። ደንድኖ አለመያዝና ሰምጦ አለመያዝ ግን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ፔዳሉ ደንድኖ ካልያዘ ዘይቱ ግፊቱን እያደረሰ ነው ማለት ነው፤ መያዝ ያቃተው ሸራው፣ ማለትም ታምቡሩን ከውስጥ እየፈተገ ጎማውን የሚያቆመው፣ ነው። ከመጠን በላይ ግሏል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወለል ከነካ ግን ዘይቱ ውስጥ አየር ወይም እንፋሎት ገብቷል። ያንተ የመጀመሪያው ነው። ለዚህኛው ዲስክ በእርግጥ መድኃኒት ነው።

ለምን እንደሚግል በቁጥር እንየው። የፍሬን ሥራ ጉዞን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው፤ ሌላ አስማት የለውም። 1,000 ኪሎ የምትመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትበር የያዘችው ጉልበት 386 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ከአንድ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። አንተ ግን ይህን ሁሉ በአራት በአምስት ሰከንድ ውስጥ ብረቱ ላይ ትደፋዋለህ። 50 ላይ ብትሆን ሙቀቱ ሩብ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሞተር ቀይረህ ፍጥነትህ በትንሹ ሲጨምር የፍሬኑ ሸክም የሚጨምረው በትንሹ አይደለም። መኪናዋን የሠሩት ሰዎች ፍሬኑን የመረጡት ለድሮው ሞተር ነው።

ቁልቁለት ደግሞ ይብሳል። ያቺው መኪና በከፍታ 500 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 12 ጊዜ ያህል ከማቆም ጋር እኩል ነው። ከፊሉን ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። በከባድ ማርሽ ከወረድክ ሞተሩም ብዙ ይሸከምልሃል። በአራተኛ ማርሽ ወይም፣ አይበለውና፣ በዜሮ ማርሽ ከወረድክ ግን ዕዳው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ነው።

ታምቡር ይህን ሙቀት የሚያስተናግድበት መንገድ ደካማ ነው። ዝግ ድስት ነው፤ ውስጡ የገባ ሙቀት ቶሎ አይወጣም። ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል። ሌላም ጠባይ አለው። ሲሽከረከር የፊተኛውን ሸራ እየጎተተ ራሱ ላይ ያጣብቀዋል፤ እግርህን ያግዛል ማለት ነው። ሰርቮ የሌላት መኪና በታምቡር ቀለል ብላ የምትቆመው ለዚህ ነው። ችግሩ ሸራው ግሎ መያዙ ሲቀንስ እገዛውም አብሮ መቀነሱ ነው። በድንገት ከዳኝ የምትለው ያኔ ነው። ዲስክ ነፋስ ላይ ነው ያለው፤ ሲግል ደግሞ ወደ ሸራው ይወፍራል እንጂ አይሸሽም። እገዛ ግን የለውም። ይህቺን እገዛ አትርሳት፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ መኪናዋ እንሂድ። ሞተሩን አጥፍተህ ተቀመጥ። ፔዳሉን አንዴ ርገጥና የት ላይ እንደቆመ አስተውል። ልቀቀውና ወዲያው ድገም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ ደንደን ካለ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል፤ ማጥበቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከፍ ብሎም ላስቲክ ላስቲክ ካለህ አየር አለ። ቀጥለህ አጥብቀህ ረግጠህ ለ30 ሰከንድ ያህል ያዘው። እግርህ ስር ቀስ እያለ ከሰመጠ በየጎማው ሥርና በየቱቦው ፍሳሽ ፈልግ። ፍሳሽ ካጣህ የማስተሩ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው። ይህ ምርመራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ነው ዕቃ የሚገዛው።

የማጥበቁ ነገር በጣም የተረሳ ሥራ ነው። በዚያ ዘመን መኪኖች ላይ በአብዛኛው ራሱን የሚያጠብቅ ነገር የለም፤ በየጊዜው በእጅ ነው። ጎማውን በክሪክ አንሳ። ከሥሩ በደንብ ደግፈው፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ማስተካከያዋን ጎማው በእጅ አልዞር እስኪልህ አጥብቃት። ከዚያ ሸራው ትንሽ ሽርር እያለ ጎማው በነጻ እስኪዞር መልሳት። አራቱንም እንዲሁ። ከዚህ በኋላ «ፍሬኔ አዲስ ሆነ» ብሎ ዲስኩን የተወ ሰው አውቃለሁ። አልፈረድኩበትም።

ታምቡሩን ስትከፍት አቧራውን በአፍህም በኮምፕረሰርም እንዳትነፋው። በዚያ ዘመን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የተለመደ ነበር፤ ሳንባ ከገባ አይወጣም። በፍሬን ማጽጃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረገው። ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥረህ ጣለው። ከዚያ ሸራውን እየው። እንደ መስታወት ካብለጨለጨ በሙቀት ደንዝዟል፤ ቀይረው። ዘይት ከነካውም ቀይር፣ የሌላውን ጎን ጭምር። አንዱን ብቻ ብትቀይር መኪናዋ ስትረግጥ ወደ አንድ ጎን ትስባለች። ታምቡሩ ላይ የመጨረሻው የተፈቀደ ስፋት ብዙውን ጊዜ ተጽፎበታል። ያንን ካለፈ ቶርኖ ቤት አትውሰደው። አልቋል።

ከሁሉም በላይ ግን ሰው የሚንቀው የላስቲክ ቱቦውን ነው። አንድ ጊዜ የፊት ግራ ጎማዋ የማይለቅ መኪና መጣችልኝ። ባለቤቱ የጎማውን የፍሬን ሲሊንደር ሁለቴ ቀይሯል፤ ሸራውንም ቀይሯል። ቱቦው ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፣ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ፈታሁትና ቁመቱን በቢላ ሰነጠቅኩት። ውስጡ አብጦ ቀዳዳው መርፌ ሊያሾልክ አይችልም። ሲረገጥ የእግር ጉልበት ዘይቱን ገፍቶ ያሳልፈዋል፤ ሲለቀቅ ግን የሚመልሰው የሸራው ሞላ ብቻ ነውና አቅም ያጣል። ጎማው ቀኑን ሙሉ እንደተያዘ ይሄዳል። መኪናህ ከ50 ዓመት በላይ ዕድሜ አላት። ቱቦዎቹ መቼ እንደተቀየሩ ካላወቅክ አሁን ቀይራቸው፤ ዲስክ ብትገጥምም ባትገጥምም።

ስለ ፍሬን ዘይት ባጭሩ። የተለመደው ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ እርጥበት በመጠጠ ቁጥር የመፍያ ነጥቡ ይወርዳል። ዶት 3 አዲስ ሆኖ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ውኃ ሲጠጣ 140 ነው። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155። በየሁለት ዓመቱ ዶት 4 እየቀየርክ ሂድ፤ ይበቃሃል። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 የሚባለው ሌላ ነው፤ እርሱ ከ3 እና ከ4 ወገን ነው። ቁጥሩ ስለተቀራረበ ብቻ ስንቱን አሳስቷል። በነገራችን ላይ ቀለም ላይ ከፈሰሰብህ ወዲያው በውኃ እጠበው፤ ቀለሙን ይልጠዋል።

ጎማውንም ተመልከት። መጨረሻ ላይ አስፋልቱን የሚይዘው እርሱ ነው። በደረቅ መንገድ ላይ አጥብቀህ ስትረግጥ ጎማዎችህ ተቆልፈው የሚንሸራተቱ ከሆነ ፍሬንህ ለአንድ ጊዜ ማቆሚያ የሚሆን ጉልበት አለው፤ ትልቅ ዲስክ ያንን ርቀት አያሳጥርልህም። ዲስክ የሚሰጥህ በተደጋጋሚ ስትረግጥና ቁልቁለት ስትወርድ አለመድከምን ነው። ጎማው ጎን ላይ ያለው ባለአራት አኃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል። 2309 ካለ እ.ኤ.አ. በ2009 በ23ኛው ሳምንት ነው የተሠራው። እንዲህ ያለ የደረቀ ጎማ ላይ ዲስክ መግጠም ገንዘብ መድፋት ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ቁልቁለቱ ላይ አሁንም ከደከመ ወደ ዲስኩ እንምጣ።

የመኪናህን ስም አልጻፍክልኝም፤ ስለዚህ አንድ ነገር አጣራ። ፋብሪካው ለዚያው ሞዴል፣ ምናልባት ሞተሩ ከፍ ላለው ወንድሟ፣ የፊት ዲስክ ሠርቶ ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ መልሱ አዎ ነው። ለምሳሌ ቮልስ 1500 እ.ኤ.አ. በ1966 የፊት ዲስክ አግኝቷል። ዲስክ ራሱ የትናንት ነገር አይደለም። ጃጓር በ1953 «ለ ማን» በሚባለው የመኪና ውድድር ላይ በዲስክ ፍሬን አሸንፏል፤ ሲትሮየን ዲ ኤስ በ1955 የፊት ዲስክ ይዞ ነው የወጣው። የፋብሪካው ዲስክ ካለ እርሱን ፈልገህ ከነማስተሩ፣ ከነመያዣው፣ ከነቱቦው ውሰድ። ሚዛኑን መሐንዲሶች አስልተው ጨርሰውልሃል።

አንተ ያገኘኸው ከሌላ መኪና የተፈታ ነው። ሊሆን ይችላል፤ ግን ካሊፐሩን የሚይዘውን ብረት ማን ይሠራዋል? አጥብቀህ ስትረግጥ የፊት ጎማዎችን የሚያቆመው ኃይል በሙሉ በዚያ ብረትና በሁለት ብሎን ያልፋል። ከቆርቆሮ ተቆርጦ የተበየደ መያዣ አይቻለሁ። ባለቤቱን በእግሩ ነው የሸኘሁት፤ መኪናዋን አላስነሳም አልኩ። መያዣው በሥዕል ተለክቶ ከወፍራም ብረት ይቆረጥ። ብሎኑም ለካሊፐር የተሠራ ይሁን፤ ከሳጥን ውስጥ የተለቀመ አይሁን።

ቀጥሎ ማስተሩ። ያቺ አትርሳት ያልኩህ እገዛ እዚህ ትመጣለች። ዲስክ ራሱን ስለማያግዝ ከታምቡር የበለጠ ግፊት ይፈልጋል። የካሊፐሩ ፒስተንም ትልቅ ስለሆነ ብዙ ዘይት ይጠጣል። ስለዚህ ሰው ትልቅ ማስተር ይገጥማል። ዲያሜትሩ 19 ሚሊ ሜትር የነበረውን በ22 ስትቀይር የክብ ገጹ ስፋት 34 በመቶ ያድጋል። ፔዳሉ አጭርና ደንዳና ይሆናል፤ አሪፍ ይመስላል። ነገር ግን ለዚያው ግፊት እግርህ 34 በመቶ ጨምሮ መግፋት አለበት። ሰርቮ የለህም። «ዲስክ ገጠምኩ፣ ፍሬኔ ባሰበት» የሚሉት ሰዎች ታሪክ በአብዛኛው ይሄው ነው። ማስተሩን ትንሽ ብታደርገው ደግሞ ግፊት ታገኛለህ፣ ፔዳሉ ግን ወደ ወለል ይረዝማል። ሁለቱን የሚያስታርቅልህ ሰርቮ ነው። ሰርቮው የሚሠራው በሞተሩ መሳብ ስለሆነ አዲሱ ሞተርህ ካምሻፍቱ (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) የተነካካ ከሆነ ሞተሩ ሲያዘግም መሳቡን በጌጅ ለካ። ቀላል መኪና ከሆነች ያለ ሰርቮም የሚኖር አለ፤ ቮልስ ራሱ በዲስክም ያለ ሰርቮ ሄዷል። የፒስተኑና የማስተሩ ልክ መጣጣም ነው ቁም ነገሩ።

ማስተሩ ውስጥ ሌላ የተደበቀ ነገር አለ። ብዙ የታምቡር ማስተሮች ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት፣ 0.7 ባር ገደማ፣ የምታስቀር ቫልቭ አላቸው። ለታምቡር ችግር የለውም፤ ሸራውን የሚመልስ ጠንካራ ሞላ አለ። ካሊፐር ግን ሞላ የለውም። ይህቺ ግፊት ካሊፐሩ ላይ ከቀረች ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ይሄዳል። ትንሽ ነድተህ ስትወርድ የፊት ቸርኬው እጅ ያቃጥልሃል። ለዲስኩ መስመር ያለዚህ ቫልቭ የተሠራ ማስተር ያስፈልጋል።

ማስተሩን ለመቀየር ከተነሳህ ግን ባለ ሁለት መስመሩን ግጠም። ያንተ ባለ አንድ መስመር ከሆነ አንድ ቱቦ ሲፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን አጣ ማለት ነው። ባለ ሁለት መስመር ቢያንስ ሁለት ጎማ ያስቀርልሃል። በአሜሪካ ከ1968 ጀምሮ በተሠሩ የቤት መኪኖች ላይ ሕግ ሆኗል። እውነቱን ልንገርህ፣ ምርጫ ቢሰጠኝ ከዲስክ በፊት ይህን ነው የማስቀድመው።

የኋላውን ተወው። ስትረግጥ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ብዙውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። የኋላ ታምቡር የእጅ ፍሬንህንም ይዞልሃል። ኋላውንም ዲስክ ላድርግ ካልክ የእጅ ፍሬን ያለበት ካሊፐር ፍለጋ ልትዞር ነው። የሚያስፈራው የፊትና የኋላ ሚዛን ነው። የኋላ ጎማ ቀድሞ ከተቆለፈ መኪናዋ ጭራዋን አዙራ ወደመጣችበት ትመለከታለች። የፊቱ ቀድሞ ከተቆለፈ መሪ አይታዘዝህም እንጂ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ስለዚህ በግፊት መቀነሻ ቫልቭ የኋላውን ቀነስ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። ቫልቩን የፊት መስመር ላይ የገጠመ ሰው ገጥሞኛል። እንዳትሆን።

ልኩን ደግሞ ሳትገጥም እየው። ዲስኩንና ካሊፐሩን በባዶው አስቀምጠህ ቸርኬውን ግጠምና በእጅህ አዙረው። ካሊፐሩ ከቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ጥቂት ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። መሪውንም ግራና ቀኝ ጫፍ ድረስ አዙረህ ቱቦው እንዳይወጠርና ጎማ እንዳይነካ ተመልከት። ያገለገለ ካሊፐር ስለሆነ የፒስተን ጎሚኒዎቹ ሁሉ ይቀየሩ፤ ፒስተኑ ዝገት ከበላው አይሆንም። ዲስኩም የመጨረሻ ውፍረቱ ተጽፎበታል። የተበሳሳ ዲስክ ለዓይን ያምራል፤ ለመንገድ መኪና ግን ብዙም አይጨምርልህም፣ በሙቀት ብዛት ከቀዳዳው ጀምሮ ሊሰነጠቅም ይችላል። ደህናውን ለስላሳ ዲስክ ያዝ።

አንድ ታሪክ ላውራህ፤ ካሊፐር ለሚገጥም ሰው ሁሉ አወራዋለሁ። አንድ ወጣት ዲስክ ገጥሞ መጣ። ፔዳሉ ስፖንጅ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አየር ሲያወጣ ከርሟል፤ ስንት ጠርሙስ ዘይት እንደጨረሰ እግዜር ይወቀው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የአየር ማውጫዋ ብሎን ከታች ናት! የግራውን ካሊፐር ቀኝ፣ የቀኙን ግራ ገጥሞታል። አየር ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ከታች ብትከፍትለት ዘይት እንጂ አየር አይሰጥህም። አለዋወጥናቸው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ልጁ አፍሮ አንገቱን ደፋ። እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ እንደሠራሁ አልነገርኩትም።

ተገጥሞ ሲያልቅ ወዲያው ቁልቁለቱ ላይ አትሂድ። መጀመሪያ ቆማ ሳለች ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ፤ ሸራው ዲስኩን እስኪያገኝ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ርግጫዎች ባዶ ይሆናሉ። ይህን ረስቶ መኪናውን ካስነሳ በኋላ የደነገጠ መካኒክ ብዙ ነው። ከዚያ መኪና በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ በዝግታ ሞክር። ቀጥሎ ሸራውን አለማምደው፤ ከ60 ወደ 10 በመካከለኛ ጉልበት ቀንስ፣ ሳትቆም ፍጥነት ጨምር፣ ትንሽ አስነፍሰህ ድገም፤ አሥር ጊዜ ያህል። የሸራው አምራች ሌላ አሠራር ከጻፈ የእርሱን ተከተል። ከዚያ በኋላ ፍሬኑን ሳትነካ እየነዳህ አቀዝቅዘው። በሚቀጥለው ቀን ብሎኖቹን ሁሉ በድጋሚ ፈትሽ፤ የቱቦ መጋጠሚያዎቹን በነጭ ወረቀት ጥረግ። ወረቀቱ ካረጠበ ሥራው አላለቀም። በምትኖርበት አገር የፍሬን ለውጥ በምርመራ ወይም በኢንሹራንስ መመዝገብ ያለበት ከሆነም ቀድመህ ጠይቅ።

ቁልቁለቱን ደግሞ ዲስክም ኖሮህ እንደ ድሮ አውርዳት። ሳትጀምር ከባድ ማርሽ አስገባ። ፍሬኑን ረግጠህ አታስታምመው፤ ጠበቅ አድርገህ ቀንስና ልቀቀው፣ ይተንፍስ።

እስከዚያው የመኪናዋን ስምና የማስተሩን ልክ ላክልኝ። ማስተሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተጽፎ ታገኘዋለህ። የካሊፐሩን ፒስተን ስፋትም ለካልኝ፣ ይጣጣሙ እንደሆነ አሰላልሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ፔዳሉ ሁለተኛ ስትረግጠው ከፍ ይላል ወይስ አይልም? መጀመሪያ እርሱን ጻፍልኝ።